ሙሉ ቤተሰብ፣ አንድ ኤፍ-150፣ ሦስት ቀን ዋይት ሪም፦ ምን ልጫን፣ ምን ልተው?

የኤንትሬ_ልጅ (ዴንቨር)

ጤና ይስጥልኝ። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የሚያውቅ ሰው እንዲያርመኝ ፈልጌ ነው የምጽፈው።

መኪናዬ የ2018 ፎርድ ኤፍ-150 ናት። ባለ አራት በር፣ ባለ 5.0 ሊትር ቪ8፣ ፎር ዊል። ካሶኒዋ አምስት ጫማ ተኩል ነው። እስካሁን ከሥራና ከገበያ ውጪ የትም ሄዳ አታውቅም። በጥቅምት ግን ዩታ ልወስዳት ነው። ካንየንላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ዋይት ሪም የሚባል መንገድ አለ። 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር የሚሆን አቧራና ድንጋይ ነው። ሦስት ቀን፣ ሁለት ሌሊት። የማደሪያውን ፈቃድ አግኝቻለሁ።

አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ይመጣሉ። 71 ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውን የጨረሱት ኤንትሬ በሚባለው የጭነት መኪና ላይ ነው። አሰብ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ ከወደብ አዲስ አበባ ጭነት ሲያመላልሱ ኖረዋል። ልጅ እያለሁ ትምህርት ሲዘጋ ጋቢና ውስጥ ከጎናቸው ተቀምጬ ሚሌ ድረስ ሄጃለሁ። አሁን እሳቸው ከጎኔ ይቀመጡ፣ እኔ ልንዳ። ስለዚህ ይሄ ጉዞ እንዲበላሽብኝ አልፈልግም።

ልገዛ ያሰብኩት ይሄን ነው። ከፊት የብረት ፓራውልት ከነዊንቹ (መኪና ስቦ የሚያወጣ የገመድ ማሽን)። ካሶኒው ላይ የብረት መደርደሪያ፣ በእሱ ላይ የጣሪያ ድንኳን። ካሶኒው ውስጥ ባለ ሁለት መሳቢያ ሳጥን። ፍሪጅና ለፍሪጁ ሁለተኛ ባትሪ። ከበሮቹ ሥር ድንጋይ የሚከላከል የብረት ቱቦ። 35 ኢንች ጎማ። ሁለት ጀሪካን ቤንዚን። ውሃ። ዋጋው ሲደመር 9,000 ዶላር አለፈ። ባለቤቴ "እስቲ መጀመሪያ ሰው ጠይቅ" አለችኝ። ይኸው ጠየቅኩ።

መካኒኩ (ቨርጂኒያ)

አባትህ በሰላም ይምጡልህ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የሹፌሩን በር ክፈት። የበሩ ምሰሶ ላይ ቢጫና ነጭ ወረቀት ተለጥፏል። የሰውና የጭነት ድምር ክብደት ከዚህ እንዳይበልጥ የሚል ቁጥር አለበት። ስንት ይላል?

የኤንትሬ_ልጅ

1,485 ፓውንድ። በኪሎ 673 ገደማ ማለት ነው። እኔ ፒክአፕ ስለሆነች ቶን የምትጭን ይመስለኝ ነበር።

መካኒኩ

ብዙ ሰው እንደዛ ይመስለዋል። በሞዴሉ ማስታወቂያ ላይ የምታየው ቁጥር የሌላ ኤፍ-150 ነው። የአንተ መኪና ቁጥር ያ ወረቀት ላይ ያለው ብቻ ነው። አራት በር፣ ፎር ዊል፣ የቆዳ ወንበር፣ የጣሪያ መስኮት፣ ሁሉም ከመጫን አቅሟ ላይ ተቀንሷል።

ልደምርልህ። እዚህ አገር ሁሉም በፓውንድ ስለሆነ በፓውንድ ልሂድ።

መጀመሪያ ሰው። አንተ፣ ባለቤትህ፣ አባትህ፣ ሁለት ልጆች። ከነጫማችሁ 615 ልበል። ቀረህ 870። አሁን ዕቃ። ፓራውልትና ዊንች 250። መደርደሪያው 120። የጣሪያ ድንኳኑ 165። ሳጥኑ ከነመሳቢያው 220። ይኸው 755 ሆነ። ገና አንዲት ጠብታ ውሃ አልጫንክም። ፍሪጁ ከነምግቡ 90፣ ባትሪው 60። አሁን ገደቡን አለፍክ። የበር ሥር ቱቦ 160። 35 ኢንች ጎማ ከነስኮርቱ አሁን ካለው ቢያንስ 100 ይጨምራል። 15 ጋሎን ውሃ 125። ሁለት ጀሪካን ቤንዚን 80። ገመድ፣ መፍቻ፣ ልብስ፣ ማብሰያ ሌላ 240።

ጠቅላላ 2,225። ከተፈቀደልህ በ740 ፓውንድ በለጠ። በእኛ ሚዛን ከሦስት ኩንታል በላይ ትርፍ ጭነት ነው።

ይሄ ትርፍ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያግላል። ጎማ ያግላል። አሞርዛተር በቶሎ ይገድላል። የኋላው ሲረግጥ የፊቱ ስለሚነሳ መሪው ይቀላል። በዚያ ላይ የጣሪያ ድንኳኑ ክብደት ያለው ከራስህ በላይ ነው። መንገዱ ወደ ገደል ባዘነበለበት ቦታ ላይ ያ ክብደት ወደዚያው ይጎትትሃል። ቤተሰብ ይዘህ ይሄን አላደርገውም።

ባሌስትራ_ይጨመር (ላስ ቬጋስ)

ወንድሜ ሰውየውን አታስፈራው። ከኋላ አንድ ባሌስትራ ያስጨምር፣ ወይም ባሌስትራውን የሚያግዝ የአየር ከረጢት ያስገባ። የእኔ ሲልቬራዶ እንደዛ ናት። ሞልቼ ስሄድ ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው።

መካኒኩ

ቀጥ ብላ መቆሟን አልጠራጠርም። ባሌስትራ ሲጨመር የሚለወጠው ቁመቷ ነው። ፍሬኑ ያው ነው። የኋላ አክስሉ፣ ሻንሲው፣ ቸርኬው ያው ነው። የበሩ ወረቀትም ያው ነው። ደንበኛ ባሌስትራ አስጨምሮ ሲመጣ እሠራለታለሁ፤ ግን የተጨመረው ለመርገጡ እንጂ ለመጫን እንዳልሆነ ነግሬው ነው የምሸኘው። የግድ ያን ሁሉ መጫን ያለበት ሰው ኤፍ-250 ወይም ራም 2500 ይግዛ። እነሱ ከፋብሪካ ሲወጡ ለዚያ ተብለው የተሠሩ ናቸው።

ድንኳን_ወዳድ (ሶልት ሌክ ሲቲ)

ሰላም። ዋይት ሪምን ልጆቼን ይዤ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ጊዜ ብዙ ተምሬበታለሁ።

ስለ ጣሪያ ድንኳኑ። አባትህ 71 ዓመታቸው ነው። ሌሊት ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ይነሱ ይሆናል። በጨለማ፣ በብርድ፣ በመሰላል ልታወርዳቸው ነው? አምስት ሰው ደግሞ አይበቃውም። መሬት ላይ የሚተከል የስድስት ሰው ድንኳን ግዛ። ለአባትህ ከመሬት ከፍ የሚል ታጣፊ አልጋ ያዝላቸው። ጀርባቸው ያመሰግንሃል። ድንኳኑን ተክለህ ደግሞ መኪናዋን ይዘህ መንቀሳቀስ ትችላለህ።

ውሃ። መንገዱ ላይ ውሃ የለም። አንድም ቦታ። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን ቁጠር። አምስት ሰው ሦስት ቀን 15 ጋሎን። እኔ በዚያ ላይ አምስት እጨምራለሁ፤ መኪና ቢበላሽ አንድ ቀን ያሳድራል። ሌላውን ቀንስ፣ ውሃን ግን አትቀንስ። አንድ ትልቅ በርሜል አትያዝ። ቢቀደድ ሁሉም ይፈሳል። በአራት በአምስት ከፋፍለው።

ነዳጅም የለም። ግን ታንክህ ትልቅ ነው። አጠገቡ ያለችው ከተማ ሞአብ ላይ ሞልተህ ከገባህ ዙሩን ጨርሰህ ትመለሳለህ። ጀሪካኑን ተወው። ከያዝክም በምንም ተአምር ጋቢና ውስጥ እንዳይገባ።

ውሻ ካለህ ቤት ይቅር። መኪና ውስጥ እንኳን አይፈቀድም። እንጨት ማንደድም ክልክል ነው፤ ቡናው በጋዝ ይፈላል። ማደሪያዎቹ ጋ ሽንት ቤት አለ፣ ወረቀት ግን ይዘህ ሂድ። ስልክ አብዛኛው ቦታ አይሠራም። በሳተላይት መልእክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ተከራይ ወይም ግዛ። ከዚያ ውስጥ መኪና አስጎትቶ ማውጣት ከ1,000 ዶላር በላይ ያስወጣል።

መንገዱ የሚጀምረው በሻፈር ቁልቁለት ነው። ተጠማዞ ተጠማዞ ገደሉን ይወርዳል። ለሚወጣው መኪና ቅድሚያ ስጥ። መስታወት ላይ አታፍጥጥ፣ ከገደሉ በተቃራኒ ያለውን ግድግዳ ተጠግተህ ቀስ በል። ልጆቼ ያኔ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የወረዱት። አሁን "መቼ ነው የምንመለሰው?" ነው የሚሉኝ።

ደብረ_ብርሃን (ሚኒያፖሊስ)

ፍሪጅ ምን ያደርጋል? በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ። አያቶቻችን በቅሎ ጭነው ወር ሙሉ የሄዱበት ስንቅ ነው። አይበላሽም፣ በረዶ አይፈልግም፣ አይከብድም።

የኤንትሬ_ልጅ

ባለቤቴ ይሄን አንብባ ቋንጣውን ዛሬ ዘልዝላ ሰቅላዋለች። ፍሪጁ ከነባትሪው ወጣ።

ጎሚስታ_ነኝ (ዳላስ)

ስለ ጎማው እኔ ልናገር።

35 ኢንች ተወው። ያምራል፣ አልክድም። ግን የአንተ ጎማ 275/65 አር 18 ከሆነ ቁመቱ 32 ኢንች ገደማ ነው። 35 ስታስገባ የፍጥነት ቆጣሪው ይሳሳታል። 60 ሲልህ በእውነት 65 ገደማ ላይ ነህ። ሞተሩ ይከብደዋል፣ ፍሬኑ ይረዝማል፣ መሪ ስትጠመዝዝ ጎማው ከውስጥ በኩል ይታከካል። ለዋይት ሪም ያን ያህል ቁመት አያስፈልግህም።

ያንኑ ልክ ግዛ። ግን የመንገደኛ (የቤት መኪና) ጎማ ሳይሆን ኤልቲ የሚል የቀላል ጭነት መኪና ምልክት ያለበትን፣ ለጠጠርና ለድንጋይ የሚሆን ጥርስ ያለውን። የጭነት ደረጃው ሲ ከሆነ ለአንተ ይበቃል። ኢ ጠንካራ ነው፣ ግን ከባድ ነው፣ ባዶ መኪና ላይም ያንገጫግጫል። አንድ ነገር ልብ በል። የኤልቲ ጎማ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከመንገደኛው ጎማ የበለጠ ንፋስ ይፈልጋል። አስፋልት ላይ በበሩ ወረቀት ቁጥር ብቻ አትሂድ። የሚገጥምልህን ሰው የጭነት ሠንጠረዡን ያሳይህ።

ስኮርቱን አትርሳ። ልኩ ከአራቱ ጋር እኩል ይሁን። አሁን ደግሞ ውጣና ስኮርቱን ከካሶኒው ሥር አውርደው። ዛሬውኑ፣ ቤትህ በር ላይ። ዴንቨር ክረምት መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። የሚያወርደው ሰንሰለት ዝጎ አልወርድ ያለው ስንት ሰው ጋራዣችን መጥቷል። ሜዳ ላይ ከምታውቀው እዚህ ብታውቀው ይሻላል። ክሪኩንም ሞክረው። ከክሪኩ ሥር የምታደርገው ወፍራም ጣውላ ያዝ፣ አሸዋ ላይ ክሪክ ይሰምጣል።

የኤንትሬ_ልጅ

ወጥቼ ሞከርኩ። አልወርድ አለ! ዘይት ነፍቼ፣ መዶሻ አንስቼ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። በመጨረሻ ወረደ። ንፋሱን ስለካው 11 ብቻ ነበረው። እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ።

ሊዋ_አሸዋ (አቡ ዳቢ)

እኔ የምነዳው ድንጋይ ሳይሆን አሸዋ ነው። እዚህ ስምንት ዓመቴ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ጓደኞቼ ጋ ወደ ሊዋ በረሃ እንወጣለን። ከሁሉም በላይ የተማርኩት ንፋስ መቀነስን ነው።

ሰው መኪናው ሲሰምጥ መጀመሪያ የሚያየው ሞተሩን ነው። እኔ ጎማውን ነው የማየው። ንፋስ ስትቀንስ ጎማው ይተኛል። መሬት የሚነካው ክፍል በርዝመት ይጨምራል። ክብደቱ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ያርፋል፣ አሸዋው አይቆፈርም። ድንጋይ ላይ ደግሞ ጎማው ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል፣ አይመታውም። አባትህ ወገባቸው ይተርፋል።

ለአንተ መኪና እንዲህ ብትጀምር ጥሩ ነው። ደህና ጠጠር ላይ 25 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያው ላይ የምታየው ቁጥር)። ድንጋይና እንደ ማጠቢያ ሰሌዳ የሚያንቀጠቅጥ መንገድ ላይ 20። ለስላሳ አሸዋ ላይ 15 ወይም 16። ከ12 በታች አትውረድ፤ መሪ በኃይል ስትጠመዝዝ ጎማው ከቸርኬው ይወጣል። ንፋስ በቀነስክ ቁጥር ፍጥነት ቀንስ። አሸዋ ውስጥ ደግሞ ፍሬን አትርገጥ፣ ነዳጁን ልቀቅና ራሷ ትቁም። ፍሬን ስትረግጥ ከጎማው ፊት የአሸዋ ክምር ትሠራለህ።

አስፋልት ስትደርስ ሞልተህ ነው የምትወጣው። በቀነሰ ጎማ በ70 ማይል መንዳት ጎማ ያፈነዳል። ስለዚህ ኮምፕሬሰር ግድ ነው። ከሲጋራ መለኮሻው የሚሠራው ትንሹ ለዚህ ጎማ አይሆንም፣ ፊውዝ ያቃጥልብሃል። በቀጥታ ባትሪው ላይ የሚቆነጠጠውን ግዛ።

ቱርሚ79 (አዲስ አበባ)

ለአባትህ የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ። የአሰብ ሾፌር ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ቱሪስት ይዤ 22 ዓመት ነድቻለሁ። ኦሞ፣ ባሌ፣ ዳናኪል። የምነዳው ላንድክሩዘር 79 ነው።

በመጀመሪያ የሁለቱን መኪኖች ልዩነት ተረዳ። የእኔ 79 በፊትና በኋላ ጎማዋ መካከል 3 ሜትር ከ18 ሳንቲም ነው። የአንተዋ 3 ሜትር ከ68 ገደማ ነው። ግማሽ ሜትር ትረዝማለህ። ስለዚህ የጉብታ ጫፍ ላይ ስትወጣ ፊቷ ሳይሆን ሆዷ ነው የሚነካው። ኩርባ ላይ ደግሞ የኋላ ጎማህ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ከምታስበው በላይ ሰፍተህ ግባ። አንዴ ካልዞረች አታስገድዳት፣ ወደ ኋላ ብለህ ድገም።

ረዳት ይኑርህ። አንድ ሰው ወርዶ ከፊት ቆሞ ያሳይህ። አንድ ሰው ብቻ! ሦስት ሰው ሲጮህ ሾፌር ማንንም አይሰማም። ረዳቱ ከመኪናው ፊት ራቅ ብሎ፣ ሾፌሩ በሚያየው ቦታ ይቁም። በቁልቁለት በኩል፣ መኪናው ቢንሸራተት በሚደርስበት ቦታ እንዳይቆም። ምልክቱን ቤት እያላችሁ ተስማሙ። አባትህ ይሄን ሥራ ከማንም በላይ ያውቁታል። ለእሳቸው ስጣቸው።

መስመጥ። ዳናኪል ውስጥ፣ አሕመድ ኤላ አጠገብ ጨው ሜዳው ላይ አንድ ጊዜ የሆነውን ልንገርህ። ላዩ ነጭና ደረቅ ነው። ሥሩ ጭቃ ነው። ከመስመሩ ሁለት ሜትር ወጣ አልኩ፣ ቅርፊቱ ተሰበረ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ነዳጅ ሰጠኋት። በአሥር ሰከንድ ውስጥ አክስሏ መሬት ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆፈርን። ጎማው አንድ ጊዜ ባዶውን ከዞረ እግርህን አንሳ። ውረድ። አካፋ አውጣ። ከጎማው ፊትም፣ ከሆዷ ሥርም ጥረግ። ንፋስ ቀንስ። የአሸዋ ሰሌዳውን፣ ጎማው ረግጦት የሚወጣበትን፣ ከጎማው ሥር አስገባ። ገመድ የመጨረሻ ነው።

ገመድ ካስፈለገ ደግሞ ልብ ብለህ ስማኝ። የተጎታች ማያያዣ ኳስ ላይ ገመድ አትሰር። ኳሱ ተሰብሮ እንደ ጥይት ተወርውሮ ሰው ገድሏል። ከሻንሲው ጋር የተያያዘ መጎተቻ ላይ ብቻ እሰር። ሰዎቹን ከገመዱ ርዝመት በላይ አርቃቸው። ልጆች በፍጹም እዚያ አካባቢ እንዳይኖሩ።

ዝናብ ከመጣ አትሂድ። እኛ አገር ዋልካ የሚባለውን አፈር አባትህ ያውቁታል። ሲረጥብ የሚያብጥ ጭቃ ነው፣ የጎማውን ጥርስ ይሞላውና ጎማህ እንደ ሳሙና ይሆናል። ዩታ ውስጥም እንደዛ የሚያብጥ ሸክላ እንዳለ ቱሪስቶቼ ነግረውኛል። እኔ ኦሞ ውስጥ እንደዛ ሲሆን ቡና አፍልቼ ፀሐይ እስኪያደርቀው እጠብቃለሁ። ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ይፍጅ።

ድንኳን_ወዳድ

ጋሼ ያሉት እውነት ነው። በተለይ መውጫው በሚነራል ቦተም በኩል ከዝናብ በኋላ በጣም ያንሸራትታል። ከመግባትህ በፊት ለፓርኩ ቢሮ ደውለህ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቅ።

የኤንትሬ_ልጅ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

አባቴ በሰላም ገቡ። ዛሬ ሁሉንም ጭነን የከባድ መኪና ሚዛን ላይ ወጣን።

የፊቱ 3,200። የኋላው 3,620። ጠቅላላ 6,820 ፓውንድ። የመኪናዋ ጠቅላላ ገደብ 7,000 ነው፣ የኋላ አክስሏ ደግሞ 3,800። በሁለቱም በኩል 180 ፓውንድ ተረፈን። ሰው ሁሉ ውስጥ ተቀምጦ፣ ታንኩ ሞልቶ፣ 20 ጋሎን ውሃ ተጭኖ ነው።

ያወጣሁት ከ2,700 ዶላር ትንሽ በለጠ። ትልቁ አምስቱ ጎማ ነው። ከዚያ ድንኳን፣ ኮምፕሬሰር፣ ሁለት የአሸዋ ሰሌዳ፣ የሚለጠጥ ገመድ፣ የገመድ ሻክል (ገመዱን ከመኪናው ጋር የሚያያይዝ)፣ አካፋ፣ የሳተላይት መልእክት መላኪያ። ፓራውልት የለም፣ ዊንች የለም፣ መሳቢያ የለም። በሳጥን ፋንታ ክዳን ያላቸው አራት የፕላስቲክ ሳጥኖች በቀበቶ ታስረዋል።

የጫንኩት ማታ ነበር። ጠዋት አባቴ በጋቢ ሆነው ወጥተው ካሶኒውን ዞረው አዩት። ምንም አላሉኝም። የታችኛውን ክዳን ከፈቱና ውሃዎቹን አንድ በአንድ ማውረድ ጀመሩ። ከኋላ ጫፍ ላይ ነበር ያሰለፍኳቸው። አምስቱንም ወስደው ጋቢናው ጀርባ ላይ፣ ወለሉ ላይ ደረደሯቸው። "ከባድ ነገር ወደ ፊት፣ ወደ ታች" አሉኝ። ከዚያ ማሰሪያውን በጣታቸው እንደ ክራር መቱት። አንዱ ላልቶ ነበር።

ቱርሚ79

አባትህን አቅፈህ ሳምልኝ።

የኤንትሬ_ልጅ (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)

ተመለስን። ሁላችንም ደህና ነን። መኪናዋም ደህና ናት፣ ከአንድ ነገር በስተቀር።

ሻፈርን በፎር ሎው (በፎር ዊሉ ዝቅተኛ ማርሽ)፣ በአንደኛ ማርሽ ወረድኩ። አባቴ "በምትወጣበት ማርሽ ውረድ" ብለው ስለነበር ፍሬኑን የነካሁት ከአሥር ጊዜ አይበልጥም። ታች ስንደርስ አቁም አሉኝ። ወረዱ። የእጃቸውን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠግተው ለአፍታ ያዙት። ሳይነኩ። የፊት ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ። ሚሌ ላይ በኤንትሬዋ ሲያደርጉት አይቻቸው ነበር። ረስቼው ነበር። አራቱም እኩል ለብ ያሉ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በቆምን ቁጥር ልጄ ከኋላቸው እየተከተለች እሷም እጇን ትዘረጋ ነበር።

የመጀመሪያውን ሌሊት ጉዝቤሪ የሚባለው ማደሪያ አደርን። በማግስቱ ጠዋት ከቀኝ በኩል ሲጥጥጥ የሚል ድምፅ ጀመረ። ጥርስ የሚያንገጨግጭ ድምፅ ነው። እኔ ፍሬን ሸራው አለቀ ብዬ ደነገጥኩ። አባቴ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ትንሽ አዳመጡና "ወደ ኋላ ሂድ" አሉኝ። አምስት ሜትር ወደ ኋላ ሄድኩ። ቆምኩ። እንደገና ወደ ፊት። ጠብ የሚል ነገር ተሰማ፣ ድምፁ ጠፋ። ወርጄ ሳይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር ናት። በፍሬን ዲስኩና ከጀርባው ባለው ቆርቆሮ መካከል ገብታ ነበር።

መርፊ ሆግባክ ላይ ዳገቱ ቀጥ ያለና ጠባብ ነው። ባለቤቴና ልጆቹ ወርደው በእግር ወጡ። አባቴ ከላይ ቆመው በእጃቸው አሳዩኝ። እኔ ከእጃቸው ሌላ ምንም አላየሁም። ግራ፣ ግራ፣ ቀጥ፣ ቁም። አንድ ደረጃ የመሰለ ድንጋይ ላይ ጋሼ ቱርሚ ያሉት ደረሰ፤ ሆዷ ሳይሆን በጎን ያለው የእግር መርገጫዋ ነካ። ቀኙ ተጣመመ። ለከተማ የተሠራ ነው፣ ዝቅ ብሎ ነው የተንጠለጠለው። ለሚቀጥለው ሰው የምነግረው ይሄን ነው፦ መርገጫውን ከቤት ሳትወጣ ፍታው። ጥቂት ብሎን ነው። ነፃ ነው፣ ክብደትም ይቀንሳል።

ንፋስ 20 አድርጌ ነበር የያዝኩት። ግሪን ወንዝ ዳር፣ ፖቴቶ ቦተም ሳንደርስ፣ አሸዋው ለሰለሰ። ወደ 16 አወረድኩት። ሰሌዳዎቹን አላወጣሁም። እዚያው አካባቢ ሁለት ወጣቶች በትንሽ መኪና ሰምጠው አገኘናቸው። ልጎትታቸው ገመድ ማውጣት ስጀምር አባቴ ወደ ጎማቸው ጠቆሙ። ስንለካው 38 ነበር። አራቱንም ወደ 16 አወረድንላቸው፣ ከፊት ትንሽ ጠረግን። በራሳቸው ወጡ። ሊዋ_አሸዋ፣ ያኔ አንተን አንስቼ ለአባቴ ነገርኳቸው።

ከ20 ጋሎኑ ውሃ ስድስት ተመለሰ። ቤንዚኑ ሩብ ታንክ ተርፎ ሞአብ ገባን። ማታ ማታ የድርቆሽ ቋንጣ ፍርፍር ነበር። ሁለተኛው ሌሊት ብርዱ ጠንክሮ ነበር፤ ልጆቹ አያታቸው ጋቢ ውስጥ ተሸጉጠው ስለ አሰብ መንገድ ሲያስወሯቸው ነው ያመሹት። እኔም ያልሰማሁትን ሰማሁ።

ሊዋ_አሸዋ

እንኳን በሰላም ተመለሳችሁ። 16 ማለትህ ደስ አለኝ።

ባሌስትራ_ይጨመር

እንኳን በሰላም ገባችሁ ወንድሜ። እኔም ባለፈው ሳምንት የራሴን ሚዛን ላይ አወጣኋት። ከገደቡ በ410 ፓውንድ በልጣለች። የጣሪያ ድንኳኑን ለሽያጭ አውጥቼዋለሁ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። መርገጫው ከተፈታ አባትህ በዚያች ከፍታ እንዴት ይወጣሉ? እናቴን ይዤ ልሄድ ስለሆነ ነው።

የኤንትሬ_ልጅ

ግራውንም ፈትቼዋለሁ። አንዲት የእንጨት ዱካ ገዝቼ እጀታዋ ላይ ገመድ አሰርኩላት። ረግጠው ይወጣሉ፣ ከተቀመጡ በኋላ በገመዱ ስበው እግራቸው ሥር ያስገቧታል። አራት ፓውንድ ትመዝናለች።